አበበ በሶ እንዴት «በሶ፣ አ.» ሆነ? የሪፈረንስ ነገር ሲፍታታ

ሰኔ ሲገባ ሐዋሳ ዋናው ግቢ አካባቢ ያሉ ፎቶኮፒ ቤቶች መቆሚያ አይገኝባቸውም። ፍላሹን በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ቴሲስ የሚያስጠርዝ፣ ነገ ዲፌንስ ያለበት፣ ሁሉም እዚያ ነው። ባለፈው ዓመት አንዷ ቤት ውስጥ ተራዬን ስጠብቅ፣ ጸሐፊዋ የአንድ ልጅ ጽሑፍ የመጨረሻ ገጾች ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሪፈረንስ ከስንት ቦታ ነው የተለቃቀመው?»

ስክሪኑን ሰረቅ አድርጌ አየሁት። ፊደሉ አንዱ ጋ ትልቅ፣ አንዱ ጋ ትንሽ ነው። ዓመቱ አንዱ ላይ ከስም ቀጥሎ፣ ሌላው ላይ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ሦስት አራቱ ሰማያዊ ሆነው ከሥራቸው ተሰምሮባቸዋል።

«አስተካክይልኛ እህቴ» አላት።

«ደስ ይለኛል። በየትኛው ስታይል?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም በልቤ አብሬው ዝም አልኩ፤ በእሱ ዕድሜ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ የማስተርስ ተማሪው ከቴሲሱ ጽሑፍ አውጥቶ ጆርናል (የምርምር መጽሔት) ላይ እንዲያሳትም ይመከራል። የዶክትሬት ተማሪው ደግሞ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ካላሳተመ አይመረቅም። ስለዚህ የጸሐፊዋን ጥያቄ መመለስ መቻል ያስፈልጋል።

ለመሆኑ ሪፈረንስ ሥራው ምንድን ነው?

በአማርኛ ዋቢ እንለዋለን። ጥሩ ቃል ነው። አንድ ነገር ተናግራችሁ «ማን ይመስክርላችኋል?» ስትባሉ የምትጠሩት ሰው ማለት ነው። የተጠራ ዋቢ ደግሞ ሲፈለግ መገኘት አለበት። ስሙ ተጠርቶ ሰውየው ከሌለ፣ ሙግቱ ባይጀመር ይሻል ነበር። ስለ ነጥብ፣ ስለ ኮማና ስለ ቅንፍ የሚነገረው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ አንባቢው ዋቢያችሁን ሳይንገላታ እንዲያገኘው።

ነገሩ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ በጽሑፉ መሀል የሚገባው አጭር ምልክት ነው፤ ሳይቴሽን የምንለው። ሌላው መጨረሻ ላይ የሚደረደረው ሙሉ ዝርዝር ነው፤ ሪፈረንስ የምንለው። ባጃጅ ይዛችሁ «ገብርኤል» ትላላችሁ እንበል። ሾፌሩ ይገባዋል፣ ያደርሳችኋል። ገብርኤል ከወረዳችሁ በኋላ ግን ቤቱን ለማግኘት የትኛው ቅያስ እንደሆነ፣ የግቢው በር ምን ቀለም እንደሆነ፣ የባለቤቱ ስልክ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። ሳይቴሽኑ «ገብርኤል» የምትለዋ ቃል ናት። የበሩ ቀለምና ስልኩ ያለው ሪፈረንሱ ውስጥ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

አንድ ሪፈረንስ ሲፈታታ ውስጡ ምን አለ?

ፊደል የቆጠረ ሁሉ አበበን ያውቀዋል፤ በሶ የበላውን። አድጎ የዓሣ ተመራማሪ ሆነ እንበል። የአባቱንም ስም በሶ እንበለው። መጽሔቱም ጽሑፉም የፈጠራ ናቸው።

አበበ በሶ (2021)። የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ አመጋገብ። የምናብ ዓሣ መጽሔት፣ 12(3)፣ 45–58።

አራት ጥያቄ ይመልሳል። ማን ጻፈው? መቼ? ምን የሚል? የት ይገኛል? አብዛኛው ሰው የሚደነቃቀፈው አራተኛው ላይ ነው። 12 ቅጹ ነው። ብዙ መጽሔቶች በዓመት አንድ ቅጽ ስለሚቆጥሩ፣ 12 ማለት ብዙ ጊዜ መጽሔቱ አሥራ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል ማለት ነው። በቅንፍ ያለችው 3 ቁጥሩ ናት፤ በዚያ ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ የወጣው እትም። 45–58 ገጾቹ ናቸው። ኤፒኤ (APA) በሚባለው ስታይል፣ ማለትም የሪፈረንስ አጻጻፍ ደንብ፣ የመጽሔቱ ስምና ቅጹ ያዘነብላሉ፣ ቁጥሩ ቀጥ ይላል፣ የጽሑፉ ርዕስም ቀጥ ይላል። አስቂኝ ዝርዝር ይመስላል። ግን ያዘነበለው ክፍል «ላይብረሪ ሄደህ የምትጠይቀው ይሄንን ነው» የሚል ምልክት ነው። ላይብረሪ ገብቶ «የቆሮሶ አመጋገብን ስጡኝ» የሚል የለም። የሚጠየቀው መጽሔቱ ነው።

መጨረሻ ላይ ዲኦአይ (DOI) የሚባል ቁጥር ካለ እሱም ይጨመራል። ከ2000 ጀምሮ (ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቱ በፈረንጆች ነው) በሥራ ላይ ያለ፣ በ10 የሚጀምር ቋሚ መለያ ነው። የድረ ገጽ ሊንክ ይሞታል፤ መጽሔቱ ድረ ገጹን ሲቀይር የድሮው ሊንክ የትም አያደርስም። ዲኦአይ ግን እንደ ስልክ ቁጥር ነው። ሰውየው ከታቦር ወደ ዳቶ ቤት ቢቀይርም፣ ስትደውሉ ያነሳል።

ታዲያ ለምን አንድ አጻጻፍ ብቻ አልሆነም?

እያንዳንዱ ሙያ ራስ ምታቱ የተለየ ስለሆነ ነው።

ስምና ዓመት በቅንፍ የማስገባቱ ልማድ ብዙ ጊዜ ሀርቫርድ ይባላል። መነሻው ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የሚባል የሀርቫርድ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ በ1881 ያወጣው ጽሑፍ እንደሆነ ይጠቀሳል። ኤፒኤ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። በ1929 በ7 ገጽ መመሪያ ተጀመረ፤ ዛሬ ከ400 ገጽ በላይ መጽሐፍ ሆኗል። ግብርና፣ ትምህርት፣ ሥነ ልቦና፣ ማኅበራዊ ሳይንስ በብዛት በዚህ ዘር ይጽፋሉ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንባቢው መሀል ላይ (አበበ፣ 2021) ሲያይ ማን እንደተናገረና ነገሩ አዲስ ይሁን አሮጌ ወዲያው ያውቃል።

የሕክምና ሰዎች ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ አምስት ስድስት ጥናት መደርደር ይወዳሉ። ያን ሁሉ ስም በቅንፍ ብታስገቡት ዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። በ1978 የተወሰኑ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ካናዳ፣ ቫንኩቨር ተሰብስበው አንድ ወጥ መመሪያ ማዘጋጀት ጀመሩ። ቫንኩቨር የሚባለው ስታይል ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። መሀል ላይ ቁጥር ብቻ ይገባል፤ ዝርዝሩም በፊደል ተራ መሆኑ ቀርቶ በተጠቀሰበት ቅደም ተከተል ይሄዳል። አበበ እዚያ ሲሄድ እንዲህ ይሆናል።

1. በሶ አ. የሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ አመጋገብ. ምናብ ዓሣ መጽ. 2021;12(3):45–58.

የመጽሔቱ ስም አጠረ፣ ዓመቱ ወደ ኋላ ሄደ፣ ክፍተቱ ጠፋ። የኢንጂነሪንግ ሰዎች የሚወዱት አይትሪፕልኢ (IEEE) ስታይልም በቁጥር ነው የሚሄደው፤ ቁጥሩ በማዕዘን ቅንፍ ይገባል። የታሪክ ሰዎች ደግሞ ከመዝገብ ቤት ያገኙትን ደብዳቤ፣ ፎልደርና ቀን ጭምር መጥቀስ ስላለባቸው የግርጌ ማስታወሻ ይመርጣሉ። መጀመሪያ በ1906 የታተመው የቺካጎ መመሪያ ለዚህ ይመቻል።

የትኛው ይሻላል? ማንም። የምትልኩበት መጽሔት የሚለው ነው የሚሻለው። ድረ ገጹ ላይ «ለጸሐፊዎች መመሪያ» የሚል ገጽ አለ። ሰው የማያነበው ገጽ ነው። እሱን አንብቡና በዚያው መጽሔት በቅርብ የወጣ አንድ ጽሑፍ አውርዳችሁ ጎኑ አስቀምጡ። መመሪያው የደበቀውን ምሳሌው ያሳያችኋል። ኤልዘቪርን የመሰሉ ትልልቅ አሳታሚዎች በብዙ መጽሔቶቻቸው መጀመሪያ ስትልኩ ማንኛውንም ስታይል ይቀበላሉ፤ ወጥ ይሁን እንጂ።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ኤፒኤ በ2019 ሰባተኛ እትሙን አውጥቷል። ደራሲዎቹ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ከመጀመሪያው ጥቅስ ጀምሮ የአንዱ ስም ብቻ ተጽፎ «እና ሌሎች» ይባላል። የአሳታሚው ከተማም ቀርቷል። አድቫይዘራችሁ የተማሩት በስድስተኛው ከሆነ «ከተማው የት አለ?» ሊሏችሁ ይችላሉ። በትሕትና እትሙን ንገሯቸው።

አበበ ለምን «በሶ፣ አ.» ሆነ?

አሁን ወደኛ ጉዳይ መጣን። የፈረንጅ ስታይሎች በአብዛኛው አንድ ነገር ታሳቢ ያደርጋሉ፤ የሰው የመጨረሻ ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው። ኮምፒውተሩም እንዲሁ። አበበ በሶ ብላችሁ ስታስገቡ የመጨረሻውን ወስዶ ከፊት ያስቀምጠዋል፤ «በሶ፣ አ.» ይላል። አበበ ሦስት ዓመት ሐይቅ ዳር ተመላልሶ የሠራው ጥናት በአባቱ ስም ተመዘገበ። አቶ በሶ ዓሣ አጥንተው አያውቁም።

ጉዳቱ ከቀልድ ያለፈ ነው። እህቱም ተመራማሪ ሆና ስሟ በ«አ» ቢጀምር፣ ሁለቱም «በሶ፣ አ.» ናቸው። ሌላው ችግር የባሰ ነው። ግማሹ ሰው «አበበ» ብሎ ይጠቅሰዋል፣ ግማሹ «በሶ» ብሎ። አንባቢ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉታል፤ ስንት ሰው እንደጠቀሰው የሚቆጥረው ማሽንም ሊሳሳት ይችላል። ይህ የሌለ ስጋት አይደለም። የታወቁት የታሪክ ምሁር ባሕሩ ዘውዴ በ1991 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ አንዱ ጽሑፍ ላይ «ባሕሩ 1991»፣ ሌላው ላይ «ዘውዴ 1991» ሆኖ ታገኙታላችሁ። መጽሐፉ አንድ ነው፣ ሰውየውም አንድ ናቸው።

እንደ ወልደ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ተክለ ሃይማኖት ያሉ ጥምር ስሞች ላይ ደግሞ ጉድ ነው። ለያይታችሁ ከጻፋችሁት ማሽኑ «ሥላሴ፣ ገ.» ሊል ይችላል። በዝርዝሩ ላይ ሥላሴ ደራሲ ሆነው ማየት ያስደነግጣል።

ምን ይደረግ? በኢትዮጵያ ጥናት ላይ የሚሠሩ ብዙ መጽሔቶች የኢትዮጵያ ደራሲ በራሱ ስም ተጀምሮ ከነአባቱ ሙሉ እንዲጻፍ ይጠይቃሉ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ካታሎጉ ውስጥ የኛን ሰው በራሱ ስም ነው የሚያስገባው። ስለዚህ «ዓለም አቀፍ ሕግ ይከለክላል» የሚላችሁን አትመኑ። መጽሔቱ ግን በአባት ስም ይጀመር ካለ፣ እንዳለው አድርጉ፤ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መንገድ። የሚያስመልሰው ግማሹን እንዲህ፣ ግማሹን እንዲያ ማድረግ ነው። ዶ/ር፣ ፕሮፌሰር፣ ኢንጂነር የሚሉት ሪፈረንስ ውስጥ አይገቡም። ማዕረግ በሰላምታ ላይ ይበቃል።

የራሳችሁን ስም በተመለከተ ዛሬውኑ ወስኑ። በመጀመሪያ ጽሑፋችሁ ላይ የተጠቀማችሁበትን ፊደል ሳትቀይሩ ያዙ። ኦርኪድ (ORCID) የሚባለውንም አውጡ። ከ2012 ጀምሮ የሚሰጥ፣ 16 አሃዝ ያለው ነፃ የተመራማሪ መለያ ነው። ስማችሁን ማንም እንደፈለገ ቢገለባብጠው፣ ቁጥሩ የእናንተ ነው።

ዓመቱስ? በኛ ወይስ በእነሱ?

ጽሑፋችሁን የሚገመግም አንድ የውጭ ሪቪወር ዝርዝራችሁ ላይ 2009 አየ። «ይሄ አሮጌ ነው» ይላል። እናንተ የጻፋችሁት ግን 2009 ዓ.ም. ነው፤ በእሱ ቀመር 2016 ወይም 2017። አልዋሻችሁም። ግን አልነገራችሁትም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ድረስ፣ 7 ይደመራል። ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ይደመራል። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የታተመ 2022 ነው፤ ሰኔ 2015 ዓ.ም. የታተመ 2023። ወሩ መጽሐፉ ላይ ከሌለ 2015 ዓ.ም. ብላችሁ በጎኑ 2022/23 ጻፉ። ዝም ብሎ 8 መደመር የተለመደ ስህተት ነው።

ሕግ ስትጠቅሱ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ያትማል፤ ዓመቱም በየቋንቋው ይለያያል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ በአማርኛው 1156/2011 ነው፣ በእንግሊዝኛው 1156/2019። ሕገ መንግሥቱ የታወጀበትም አዋጅ 1/1987 እና 1/1995 ሆኖ ይገኛል። በእንግሊዝኛ እየጻፋችሁ የአማርኛውን ቁጥር ከገለበጣችሁ፣ ፈላጊው የሌለ አዋጅ ሲያስስ ይውላል።

አማርኛ መጽሐፍ ስጠቅስስ?

በእንግሊዝኛ ለሚወጣ መጽሔት ከሆነ ርዕሱ በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ይጻፋል፤ ትርጉሙ በማዕዘን ቅንፍ ይከተላል። ትርጉሙን ብቻ መጻፍ ልክ አይደለም፤ በዚያ ርዕስ የታተመ መጽሐፍ የለምና ማንም አያገኘውም።

በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ የሞክሼ ፊደላት ነገር አለ። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ግን ሦስት ቃል። ሽፋኑ ላይ እንዳለው ገልብጡ፤ «ትክክለኛው ፊደል ይሄ ነው» ብላችሁ አታርሙ። የከተማችን ስም ራሱ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ ተብሎ ታትሟል። የድሮው ጽሑፍ ርዕስ «አዋሳ» ካለ፣ ሪፈረንሱም «አዋሳ» ይበል። በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር የወደዳችሁትን ጻፉ።

ሶፍትዌር አይሠራልኝም?

ይሠራል፤ በደንብ። ዞቴሮ ከ2006 ጀምሮ ያለ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሜንደሌይና ኤንድኖትም አሉ። ያነበባችሁትን ታስገባላችሁ፣ ስታይሉን ትመርጣላችሁ፣ ይደረድረዋል። መጽሔት ብትቀይሩ በአንድ ጠቅታ ሙሉውን ከኤፒኤ ወደ ቫንኩቨር ያዞረዋል። ያቺ የፎቶኮፒ ቤት ልጅ ግማሽ ቀን የሚፈጅባት ሥራ ነው።

ግን የበላውን ነው የሚተፋው። ከጉግል ስኮላር የመጣው መረጃ ርዕሱ ሙሉ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ከሆነ፣ እንደዚያው ይወጣል። ስሞቻችንንም ከላይ እንዳልኩት ይገለብጣቸዋል። ዞቴሮ ላይ መፍትሔ አለ። ከደራሲው ስም ጎን ሁለቱን ሳጥን አንድ የምታደርግ ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ነክታችሁ አበበ በሶን በአንድ ሳጥን ስታስገቡት ሙሉ ስሙን እንዳለ ይተወዋል።

ቻትጂፒቲስ? ያላችሁን ዝርዝር በአንድ ስታይል አስተካክል ብትሉት ይሞክራል። ሪፈረንስ ፈልግልኝ ማለት ግን እሳት መጨበጥ ነው። ደራሲው እውነተኛ፣ መጽሔቱ እውነተኛ፣ ጽሑፉ ግን ጨርሶ ያልተጻፈ ሊሆን ይችላል። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት ጠቅሰው አቅርበው፣ ዳኛው እነሱንና ቢሯቸውን 5,000 ዶላር ቀጥተዋል። ማጣሪያው አጭር ነው። ርዕሱን ፈልጉት፣ ዲኦአዩን ክፈቱት። ካልተገኘ አጥፉት።

ሰው ከሌላ ሰው ዝርዝር መገልበጡም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አበበ የጠቀሰውን የ1970ዎቹ ጽሑፍ ካላነበባችሁት፣ የምትጠቅሱት አበበን ነው፤ «በአበበ እንደተጠቀሰው» ብላችሁ። አለዚያ አበበ የተሳሳተበትን ገጽ ቁጥር እናንተም ትወርሱታላችሁ።

ከመላኬ በፊት ምን ልፈትሽ?

የመጀመሪያ ጽሑፌ በሳምንቱ ተመለሰብኝ። ሪቪወር ጋ እንኳ አልደረሰም። አዘጋጁ ሁለት መስመር ነው የጻፉልኝ፤ መሀል ላይ የጠቀስኳቸው አራት ጽሑፎች ዝርዝሩ ላይ የሉም፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉ ስድስት ደግሞ የትም አልተጠቀሱም። ስድስቱ አንድ አንቀጽ ስሰርዝ የቀሩ ነበሩ። አንቀጹን አጥፍቼ ዋቢዎቹን ረስቻቸው።

ከዚያ ወዲህ አታትመዋለሁ። በስክሪን ላይ ዓይን ይዘላል። መጀመሪያ ዝርዝሩን ብቻ ለይቼ ጎኔ አስቀምጣለሁ። ጽሑፉን ከላይ ወደ ታች ስሄድ ያገኘሁትን እያንዳንዱን ሳይቴሽን ዝርዝሩ ላይ ፈልጌ ምልክት አደርግበታለሁ። ስሙም ዓመቱም አንድ መሆኑን አያለሁ፤ መሀል ላይ 2020፣ ዝርዝሩ ላይ 2021 የሆነ ሁልጊዜ አይጠፋም። ስጨርስ ዝርዝሩ ላይ ምልክት ያላገኘ ካለ፣ ወይ አንቀጹ ላይ መግባት ነበረበት ወይ መውጣት አለበት።

ከዚያ መልኩ ይቀራል። ኤፒኤ የእያንዳንዱ ሪፈረንስ የመጀመሪያ መስመር ከዳር እንዲጀምር፣ የቀሩት ገባ እንዲሉ ይፈልጋል። ብዙ ሰው ስፔስ እየደበደበ ነው የሚያስገባው፤ ፊደል መጠኑ ሲቀየር ሁሉም ይተራመሳል። ወርድ ላይ ዝርዝሩን መርጣችሁ ኮንትሮልና ቲ ብትጫኑ በአንዴ ይገባል። ይህን ያሳየችኝ ያቺው ጸሐፊ ናት፤ ልጁ ዝም ብሎ በቆመበት ሰዓት የእሱን ስትሞክርለት አየሁ። ሰማያዊዎቹን መስመሮችም አጠፋችለት። ስታይሉን ግን ራሱ ወስኖ እንዲመለስ ፍላሹን መለሰችለት።